የደንገጎን ቁልቁለት የማያውቅ ኮምፒውተር

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

በቤንዚንም በኤሌክትሪክም ስለሚሄዱት ሃይብሪድ መኪኖች በቅርቡ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። የነዳጅ ቁጠባውን ምስጋና ጠቅልላችሁ ለባትሪው ሰጥታችሁታል። ባትሪው ግን ጎተራ ነው። መቼ እንደሚሞላና መቼ እንደሚጎድል የሚወስነው ኮምፒውተሩ ስለሆነ ቁጠባውም ብክነቱም የሚመጣው ከእሱ ነው።

በየሳምንቱ ፕሪየስ በምትባል አሮጌ ሃይብሪድ ከድሬዳዋ ሐረር ደርሼ እመለሳለሁ። ስመለስ፣ የድሬዳዋ ቁልቁለት የሚጀምርበትን ደንገጎን አልፌ መውረድ ስጀምር መኪናው ከቁልቁለቱ ኤሌክትሪክ ስለሚያመነጭ የባትሪው ምልክት ሽቅብ ይወጣል፤ ቁልቁለቱ ሳይጋመስ ጢም ይላል። ያኔ ሞተሩ በድንገት ያጓራል። በቀደም ከኋላ የተቀመጡት አጎቴ «ልጄ፣ ቁልቁለት ላይ ደግሞ ምን ቤንዚን ያስጠጣዋል?» አሉኝ። ቤንዚንስ አልጠጣም፤ ኮምፒውተሩ ማስቀመጫ ያጣለትን ኤሌክትሪክ ሞተሩን በባዶው በማሽከርከር እየጣለው ነበር።

ሐረር 1,885 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ድሬዳዋ ከእሷ በ700 ሜትር ገደማ ዝቅ ትላለች። 1.5 ቶን የሚመዝን መኪና ይህን ያህል ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት 2.9 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። ከዚህ ላይ ነፋሱና ጎማው ብዙ ይወስዳሉ። ቢሆንም የእኔ ዓይነት ፕሪየስ ባትሪ ጠቅላላ አቅሙ 1.3 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው፤ ኮምፒውተሩም የባትሪው ዕድሜ እንዳያጥር ሲል የሚሠራበት በከፊሉ ብቻ ነው።

ኮምፒውተሩ ከፊቱ ያለውን መንገድ ቢያውቅ ኖሮ ከአወዳይ ጀምሮ በሐረማያ በኩል ባለው ሜዳማ መንገድ ኤሌክትሪኩን ተጠቅሞበት፣ ደንገጎ ላይ ጎተራውን አጉድሎ በደረሰ ነበር። መሐንዲሶቹ ይህን ተንባይ ቁጥጥር ይሉታል። ስልቱ የነጋዴ ነው፦ የባትሪውን ኤሌክትሪክ በቤንዚን ይተምናል፤ ቁልቁለት ሲቀርብ ዋጋውን ያረክሳል፣ ዳገት ሲቀርብ ያስወድዳል፣ በየቅጽበቱም ርካሹን ይመርጣል። የፔጆ 404 ሾፌሮቻችንስ መንገዱን በቃላቸው ስለሚያውቁት ቁልቁለቱ ሳይደርስ ማርሽ ይቀንሱ አልነበር?

የዚህ ስልት ትልቁ እንቅፋት መኪናው ወዴት እንደሚሄድ አለመታወቁ ነው። በድሬዳዋና በሐረር መካከል የሚመላለስ መኪና ግን ዛሬም ነገም የሚሄደው በዚያው በ55 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ነው። የድሬዳዋና የሐረማያ ዩኒቨርሲቲዎች የምሕንድስና ተማሪዎች ለመመረቂያ ጥናት ከዚህ የተሻለ መሞከሪያ ከየት ያመጣሉ? ዳገቱና ሙቀቱ ደጃቸው ነው።

ሙቀት ካልኩ አይቀር፣ ከኋላ መቀመጫ ጎን ያለችውን የባትሪ ማቀዝቀዣ የአየር መግቢያ ፈትሹ። የእኔ በአቧራ ተደፍና ባትሪው ሲግል ኮምፒውተሩ ኤሌክትሪኩን ይቆጥብ ነበር፤ ቤንዚኑም ያለ ምክንያት ጨመረ እያልኩ መካኒክ ሳመላልስ ከረምኩ። መፍትሔው ብሩሽ ሆኖ ተገኘ።

የቀዳሁትን ቤንዚንና የሄድኩትን ኪሎ ሜትር የምመዘግብበት ደብተር አለኝ። ጥናቱን የሚጀምር ተማሪ ካለ ደብተሩንም መኪናውንም አውሰዋለሁ፤ ቤንዚኑን ግን እሱ ይቅዳ።

አንባቢያችሁ
ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ