የጤና ክበብ፦ ዘጠኝ ጠርሙስ በሶ

ጥቅምት ላይ የጤና ክበብን ስንጀምር 34 ተማሪዎች ተመዘገቡ። ኅዳር ሲገባ 15 ብቻ ቀሩ። የጽዳት ዘመቻውን ሁለት ጊዜ አድርገናል፤ ፎቶው ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ስላለ እዚህ አልደግመውም። ልጽፍላችሁ የፈለግኩት ስለ ዓርብ ከሰዓቱ ስብሰባችን ነው።

ነገሩ የተጀመረው በአንዲት የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ጥያቄ ነው። «ቲቸር፣ ሰው ሐኪም ቤት ገብቶ በሽታው ሳይታወቅ ለምን ይሞታል?» አለችኝ። እኔ የባዮሎጂ አስተማሪ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። አንድ ሳምንት ስጪኝ አልኳት። ሳነብ ሰንብቼ በሳምንቱ የሜልቦርኑን ልጅ ታሪክ ይዤ መጣሁ።

እ.ኤ.አ. በ1960 ነው። አንድ የ21 ዓመት አውስትራሊያዊ ተማሪ መኪና ገጭቶት እግሩ ተሰበረ። ሮያል ሜልቦርን ሆስፒታል ሲገባ ያስጨነቀው ግን ስብራቱ ሳይሆን ማደንዘዣው ነበር። ከዘመዶቹ 10 ሰዎች ኤተር የሚባለው ማደንዘዣ ተሰጥቷቸው ሞተዋል። ሐኪሞቹ ኤተሩን ትተው ያኔ አዲስ የነበረውን ሃሎቴን ሰጡት። ደቂቃዎች ሳይቆዩ የደም ግፊቱ ወረደ፣ ልቡ ሮጠ፣ ገላው እንደ ምጣድ ጋለ። ማደንዘዣውን አቁመው በበረዶ አቀዘቀዙት። ተረፈ። ዴንቦሮ የሚባል ወጣት ሐኪም ነገሩን በዋዛ አላለፈውም። የቤተሰቡን የዘር ሐረግ ተከታትሎ፣ ላቭል ከተባለ ባልደረባው ጋር በዚያው ዓመት ዘ ላንሴት የሕክምና መጽሔት ላይ አወጣው። ችግሩ ዛሬ ማሊግናንት ሃይፐርተርሚያ ይባላል፤ «አደገኛ የሙቀት መጨመር» እንደ ማለት ነው።

ለምን ይግላል? ጡንቻችን ውስጥ ካልሲየም የሚቀመጥበት ጓዳ አለ። በሩ ሲከፈት ጡንቻው ይኮማተራል፤ ካልሲየሙ ወደ ጓዳው ሲመለስ ይፈታል። ይህ ችግር ያለባቸው ሰዎች ግን በሩን በሚሠራው ጂን ላይ በዘር የሚወረስ ጉድለት አለባቸው። ሃሎቴንና መሰሎቹ የሚተነፈሱ ማደንዘዣዎች፣ ወይም ሰክሲኒልኮሊን የሚባለው ጡንቻ የሚያፍታታ መድኃኒት ሲደርስበት በሩ ተከፍቶ ይቀራል። «እንደ ግቢያችን ሮቶ!» አለ አንዱ። የሮቶው ቧንቧ ከመስከረም ጀምሮ አልዘጋ ብሏል (አስተዳደሩን በዚሁ ላስታውስ)። ከዚያ በኋላ ሌላ ምሳሌ አላስፈለገኝም። ጡንቻው ያለ እረፍት ይሠራል፣ ኦክስጅን ይጨርሳል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያመርታል፣ ይግላል።

ልጆቹን ያስገረማቸው ግን ስሙ ነው። ሙቀት ሙቀት ይላል እንጂ ሙቀቱ ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ነው የሚመጣው። ቀድሞ የሚታየው በትንፋሽ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ መጨመር፣ የልብ ምት መፍጠን፣ አንዳንዴም የመንጋጋ መቆለፍ ነው። ይኼ ደግሞ ኢንፌክሽንም ይመስላል፣ የታይሮይድ ችግርም ይመስላል፣ ማደንዘዣው ያልበቃው ሰውም ይመስላል። የተኛ ሰው «ሞቀኝ» አይል ነገር። በዚያ ላይ ከዚህ በፊት ተደንዝዞ በሰላም የነቃ ሰውም በሚቀጥለው ጊዜ ሊደርስበት ይችላል።

መድኃኒቱ ዳንትሮሊን ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1975 ሃሪሰን የተባለ ሐኪም ኬፕታውን ውስጥ ተመሳሳይ ጉድለት ባለባቸው አሳማዎች ላይ ሞክሮ ማዳኑን አሳየ። አሳማ ስል ክፍሉ በሳቅ ሞተ፤ አምስት ደቂቃ ጠፋ። የቆየው ዓይነት ዳንትሮሊን ዱቄት ነው። አንዱ ጠርሙስ 20 ሚሊ ግራም ይይዛል፣ በ60 ሚሊ ሊትር ውኃ ይበጠበጣል። የመጀመሪያው መጠን በኪሎ 2.5 ሚሊ ግራም ነው። 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ስንት ጠርሙስ? አስልተው 9 አሉ። «ታዲያ ምን ችግር አለው?» አለ አንዱ።

በሶ አመጣን። ዘጠኝ የሽሮፕ ጠርሙስ፣ በያንዳንዱ አንድ ማንኪያ በሶ፣ 60 ሚሊ ሊትር ውኃ። ጓል እንዳይኖረው፣ ያውም በጥድፊያ። ሁለት ልጆች ብቻ ሲበጠብጡ 11 ደቂቃ ፈጀ፤ አራተኛው ጠርሙስ አልሟሟም ብሎ ተጣበቀ። ዘጠኝ ልጆች አንዳንድ ጠርሙስ ሲይዙ ከሦስት ደቂቃ በታች ሆነ። ድንገተኛ ክፍል ውስጥ «ሰው ጥሩ!» የሚባለው ለምን እንደሆነ ያን ዕለት ገባቸው። በሶውን ስኳር ጨምረን ጠጣነው።

የካቲት ላይ ድሮ ያስተማርኳት የማደንዘዣ ባለሙያ እንግዳ ሆና መጣች። ይህን ችግር በሥራዋ ገጥሟት አያውቅም፤ የመድኃኒቱን ጠርሙስም በዓይኗ አላየችም። ግን ከእያንዳንዱ ኦፕራሲዮን በፊት ትጠይቃለች፦ ከቤተሰብ በማደንዘዣ የተጎዳ ወይም የሞተ አለ? አለ ከተባለ በወገብ የሚሰጠውን ማደንዘዣ፣ ወይም በደም ሥር የሚሰጡትን ኬታሚንና ፕሮፖፎልን መምረጥ ይቻላል። ችግሩ መልሱ ነው። ብዙ ሰው ወዲያው «የለም» ይላል። ደግማ ስትጠይቅ «አጎቴ ኦፕራሲዮን ላይ አረፈ፤ ቀኑ ደርሶ ነው እንጂ» ይመጣል።

ጥያቄውን የቤት ሥራ አደረግነው። ከ15ቱ 11ዱ ጠይቀው መጡ። አንዱን አያቱ «ሟርተኛ!» ብለው አባርረውታል። ያቺ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ግን ቡና ላይ ጠየቀች። በአቦል የለም ተባለች። በቶናም የለም። በበረካ አያቷ ዝም ብለው ቆይተው፣ ወንድማቸው በወጣትነቱ ለትርፍ አንጀት ገብቶ እንዳልወጣ ተናገሩ። ምክንያቱ ምንም ሊሆን ይችላል፤ ይህን ለልጅቷም አስረግጬ ነግሬያታለሁ። እሷ ግን የእናቷን ስልክ ተቀብላ፣ የአጎቶቿንና የአክስቶቿን ስም ደብተሯ ላይ በሐረግ እየሳለች ነው። እስካሁን 23 ደርሳለች።

ሚያዝያ ላይ ፖርፊሪያ የሚባለውን በሽታ ጀምረን ነበር። ሆድ በኃይል ያማል፣ ምርመራው ምንም አያሳይም፣ ሽንቱ ብርሃን ላይ ሲቆይ ይጠቁራል። ሀገር አቀፍ ፈተናው መጣና ሳንጨርሰው ቀረ። ለከርሞ ከእሱ እንቀጥላለን። ቀኑ እንደተለመደው ዓርብ፣ 9 ሰዓት፣ ቤተ ሙከራ። አዲስ የምትመዘገቡ በሶ ይዛችሁ ኑ።