ግድግዳው ሳይለሰን

ውድ ጓደኛዬ፣

መልእክትሽ ሲደርሰኝ መሰላል ላይ ነበርኩ። ጭንቅላቴ ኮርኒስ ውስጥ፣ ትከሻዬ ላይ የኬብል ጥቅል። ስምሽን ስልኬ ላይ ሳይ ወርጄ ጥግ ይዤ ተቀመጥኩና ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከ3 ዓመት ዝምታ በኋላ የጻፍሽልኝ «ክሊኒክ ልከፍት ነው። ፕላኑ ይኸውና። ስንት ኬብል ያስፈልገኛል?» የሚል ነው።

ደስታና እፍረት አንድ ላይ መጡብኝ። አባትሽ ሲያርፉ አጠገብሽ አልነበርኩም። መጀመሪያ ሥራ ያዘኝ። ቀኑ ካለፈ በኋላ ደግሞ ምን ብዬ ልደውል እያልኩ ቆየሁ። ዛሬ ነገ ስል 3 ዓመት ሞላ። ቅር ሳትሰኚብኝ አልቀረሽም፤ እውነትሽን ነው። ይቅርታ አድርጊልኝ።

ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። የኬብሉን ብዛት ልነግርሽ የምችለው አንቺ የት እንደምትቀመጪ ስትነግሪኝ ነው። ፕላኑ ላይ በየምርመራ ክፍሉ አንድ አንድ የኔትወርክ ሶኬት አለ፤ ሁሉም በሩ ጋ ባለው ግድግዳ ላይ። ሶኬቱ እዚያ ከሆነ ጠረጴዛውም እዚያ ይሆናል። ኮምፒውተሩ ወደ ግድግዳው ይዞራል፤ አንቺም አብረሽው። በሽተኛው ሕመሙን የሚነግረው ለጀርባሽ ነው ማለት ነው። እንደዚህ ያሉ ክፍሎች ብዙ አይቻለሁ። ሐኪሙ ሰው ስለማይወድ አይደለም፤ ሶኬቱ ነው ያዞረው። አንቺ ተማሪ ሳለሽ እንኳ የታመመ ሰው ስታናግሪ ወንበርሽን ስበሽ ፊት ለፊቱ ነበር የምትቀመጪው። መጀመሪያ የዚያን ወንበር ቦታ ወስኚ። ሶኬቱ ከዚያ በኋላ ይምጣ።

ስለዚህ ጠመኔ ያዢና ወደ ሕንጻው ሂጂ፤ የየሶኬቱን ቦታ ግድግዳው ላይ ምልክት አድርጊ። ነርሷን፣ የላብራቶሪ ባለሙያውንና ካርድ ክፍል የሚቀመጠውን ሰው ይዘሽ ሂጂ። በሽተኛ ሆነሽ ከመግቢያው ጀምሪ። ካርድ ክፍል ኮምፒውተር፣ ፕሪንተር፣ ስልክና የክፍያ ማሽን አለ። አራት መስመር ነው፤ እኔ ብሆን 6 እዘረጋለሁ። ምርመራ ክፍል ጠረጴዛው ጋ 2፣ አልጋው ራስጌ 2። ላብራቶሪ ውስጥ ውጤት በኔትወርክ ለሚልክ ማሽን ሁሉ አንድ አንድ፣ ውሃ ከማይረጭበት ከፍታ ላይ። የክትባት ፍሪጁን አትርሺ። ሙቀቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ መሆን አለበት፤ ሌሊት ሙቀቱ ከዚያ ቢወጣ ስልክሽ ላይ የሚያስጠነቅቅ መለኪያ ይኑረው፣ ለእሱም መስመር ይዘርጋለት። ሽንት ቤት ውስጥ ደግሞ የወደቀ ሰው መሬት ላይ እንዳለ የሚስበው የጥሪ ገመድ ይኑር። እስከ ወለሉ አጠገብ ይውረድ። ካሜራ በር ላይ፣ ኮሪደር ላይና መድኃኒት ማከማቻው ላይ ይሁን፤ ምርመራ ክፍል ውስጥ ግን በፍጹም።

ኤክስሬይ ክፍሉ ሌላ ነገር ነው። ጨረር እንዳይወጣ የእርሳስ ብረት በለበሰ ግድግዳ ዋይፋይ እንደልቡ አያልፍም፤ ስለዚህ እዚያ በኬብል ተማመኚ። ኬብል ለማሳለፍ የሚበሳው ቀዳዳ ደግሞ ጨረር ሊያሾልክ ይችላል። ቦታውን የጨረር ባለሙያው ሳይወስን ማንም ድሪል እንዳያነሣ።

ብዙ ሰው የማያስበው አንድ ነገር አለ። በሽተኛው አካል ላይ የሚገጠም መሣሪያ፣ ለምሳሌ የልብ ምት መከታተያ፣ በመዳብ ኬብል ከኔትወርክ ጋር ሲያያዝ ሌላ ክፍል ካለ ዕቃ የሚሾልክ የኤሌክትሪክ ጅረት እስከ በሽተኛው የሚደርስበት መንገድ ሊከፈት ይችላል። አይኢሲ 60601 የሚባለው የሕክምና መሣሪያዎች ደህንነት መስፈርት የሾለከ ጅረትን በጥብቅ የሚገድበው በከንቱ አይደለም። መሣሪያ ስትገዢ መመሪያው የኔትወርክ አይሶሌተር ይጠይቅ እንደሆነ አረጋግጪ። ሶኬቱና መሣሪያው መካከል የምትገባ፣ መረጃውን አሳልፋ የሾለከውን ጅረት የምታግድ ትንሽ ዕቃ ናት።

ኬብሉን ካት 6ኤ የሚባለውን የኔትወርክ ኬብል ደረጃ አድርጊው። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው ቲአይኤ 1179 የተባለው የጤና ተቋማት የኬብል መስፈርትም ለአዲስ ሥራ የሚመክረው እሱን ነው። ከእሱ ዝቅ ያለው ካት 6 ኬብል በሴኮንድ 10 ጊጋቢት መረጃ የሚሸከመው እስከ 55 ሜትር ገደማ ነው፤ 6ኤ ግን 100 ሜትሩን ሙሉ ይሄዳል። ከ100ው ሜትር ውስጥ በግድግዳና በኮርኒስ የሚያልፈው ከ90 አይበልጥም፤ ቀሪው 10 ሜትር ጫፍና ጫፍ ላይ ለሚሰኩት አጫጭር ገመዶች ነው። ከመብራት መስመር ጋር በአንድ ቱቦ አይግባ። መሻገር ግድ ከሆነ በመስቀል ይሻገር። ቱቦውን ሰፋ አድርገሽ አስቀብሪው፤ ከ40 በመቶ በላይ አይሙላ፣ ውስጡም ወደፊት ኬብል መሳቢያ የሚሆን ሲባጎ ይተውበት። ነገ አልትራሳውንዱ ክፍል ቢቀይር ለዚያች ሲባጎ ታመሰግኚኛለሽ።

ከዋጋ ይልቅ ለኬብሉ ጥራት ተጨነቂ። ይህን የምልሽ ስለደረሰብኝ ነው። ካሜራው፣ ስልኩና የዋይፋይ ማሠራጫው ኃይል የሚያገኙት በዚያው በኔትወርክ ኬብል ነው። አንድ ክሊኒክ ውስጥ ባለቤቱ ገዝቶ ያመጣውን ኬብል ሳልመረምር ዘረጋሁ። ላዩ የመዳብ ቅብ፣ ውስጡ አሉሚኒየም ነበር። አሉሚኒየም ጅረቱን ከመዳብ ይበልጥ ይቃወማል፤ ኃይሉ መንገድ ላይ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ካሜራዎቹ ይበራሉ፣ ይጠፋሉ። በመጨረሻ ቀለም የተቀባ ግድግዳ ሰበርን። በሽተኞች፣ የሚያስሉ ሰዎች፣ አቧራው ውስጥ ተቀምጠው ተራ ሲጠብቁ አየሁ። ያ ቀን እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል። ከዚያ ወዲህ ጥቅል ሳልዘረጋ በፊት የሽቦውን ጫፍ በቢላ እፍቃለሁ። ነጭ ከወጣ እመልሰዋለሁ። አንቺም አስፍቂ።

የራኩን ክፍል፣ ኬብሎቹ ሁሉ የሚሰበሰቡበትን የመሣሪያ መደርደሪያ ክፍል፣ ፕላኑ ላይ ከፎቁ ሽንት ቤት ሥር አየሁት። ይቀየር። በላዩ ውሃ የማያልፍበት፣ የሚቆለፍ፣ ንፋስ የሚያገኝ ክፍል ይሁን። መብራት ሲጠፋ ኃይል የሚሰጠው ባትሪ፣ ዩፒኤስ፣ እዚያ ይገባል። የበሽተኞች ዋይፋይ፣ የሕክምና መሣሪያዎችና የታካሚዎች መዝገብ በአንድ መረብ እንዳይደባለቁ መስመሮቹን በሚያገናኘው መሣሪያ፣ በስዊቹ፣ ላይ ይለያዩ። ሥራውን ስትረከቢ በኬብሎቹ ሁለቱም ጫፍ ቁጥር መኖሩን እዪ፤ የእያንዳንዱን መስመር የፍተሻ ውጤትም በጽሑፍ ተቀበዪ። «ይሠራል» የሚል ቃል አይበቃሽም።

ጠመኔውን ስትጨርሺ የየግድግዳውን ፎቶ ላኪልኝ፤ ልስኑ የሚጀመርበትን ቀንም። ከዚያ በፊት መጥቼ ከአንቺ ጋር ክፍል በክፍል እዞራለሁ። ግን መጀመሪያ የምሄደው እናትሽ ጋ ነው። እንደምመጣ ንገሪልኝ።

ወዳጅሽ