ማንነታቸው ላልታወቀ አፅሞች የዘመዶች ናሙና ዛሬ ይሰብሰብ

ለተከበረው ጋዜጣ ዋና አዘጋጅ፣

ለቤት መሠረት፣ ለመንገድ ወይም ለውኃ ቱቦ መሬት ሲቆፈር አልፎ አልፎ የሰው አፅም ይወጣል። አፅሙ በማዳበሪያ ተሰብስቦ በአቅራቢያው ወዳለ ቤተ ክርስቲያን ከተወሰደ ነገሩ የተጠናቀቀ የሚመስለን ብዙዎች ነን። እኔ ግን ለረጅም ዓመታት ባዮሎጂ ያስተማርኩ፣ በዚያው ላይ የወንድሟ መቃብር የት እንደሆነ የማታውቅ እህት ስለሆንኩ፣ ነገሩ የሚጀመረው ከዚያ እንደሆነ አምናለሁ። የምጠይቀውም አንድ ነገር ነው፤ በቀይ ሽብር ዘመን የጠፉ ሰዎች የቅርብ ዘመዶች በሕይወት ሳሉ የዘረመል (ዲ ኤን ኤ) ናሙናቸው ተወስዶ ይቀመጥ።

ወንድም ጋሼ በ1970 ዓ.ም. ሌሊት ከቤታችን ሲወሰድ የ19 ዓመት ተማሪ ነበር፤ እኔ ደግሞ 14 ዓመቴ ነበር። እናቴ ለጥቂት ሳምንታት ስንቅ አመላለሰች፤ አንድ ቀን ጠባቂው ሳህኑን ሳይከፍት መለሰላትና ከእንግዲህ እንዳታመጣ ነገራት። ለቅሶ መቀመጥ የሚያስጠረጥርበት ጊዜ ስለነበር ያኔ ጥቁር አልለበሰችም፤ ኋላም መልበሱ ሞቱን በገዛ እጇ ማጽደቅ መስሎ ስለታያት ሳትለብስ ኖረች። በ2006 ዓ.ም. ስታርፍ እርሟን አላወጣችም ነበር።

ደርግ ከወደቀ በኋላ የጅምላ መቃብሮች ሲከፈቱ፣ እንደ ብዙ እናቶች እሷም ሄዳ ነበር። ከወጡት ልብሶች መካከል ራሷ የሠራችው የሚመስል ሹራብ አየች። ሹራቡን ዳሰሰችው፣ ገለበጠችው፣ ከዚያ መልሳ አስቀመጠችው። በእስር ቤት ልጆቹ ሲበርዳቸው ልብስ ይዋዋሱ እንደነበር ሰምታለችና፣ «የኔ ነው ብዬ የሌላዋን ልጅ ብቀብርስ?» አለችን። እናቴ ፊደል የቆጠረች አልነበረችም፤ ይሁን እንጂ የአስክሬን ምርመራ ባለሙያዎች ልብስና ጫማ ፍንጭ እንጂ ማረጋገጫ አይሆንም የሚሉበትን ምክንያት በራሷ መንገድ ደርሳበት ነበር።

ማረጋገጫው ያለው በአጥንቱ ውስጥ ነው። የዳሌ አጥንት ቅርፅ ወንድና ሴትን ይለያል፤ የጭን አጥንት ርዝመት ቁመትን ይገምታል። ዕድሜን በተመለከተ፣ ከአንገት ሥር ወደ ትከሻ የሚዘረጋው አጥንት በደረት በኩል ያለው ጫፉ ከዘንጉ ጋር ሙሉ በሙሉ የሚገጥመው ሰው ወደ 30 ዓመት ሲጠጋ ስለሆነ፣ የ19 ዓመት ልጅ አፅም በዚህ ይታወቃል። በሕይወት ሳለ ተሰብሮ የዳነ አጥንት የጥገናው እብጠት ይቀርበታል፤ በሞት ጊዜ የተሰበረው ግን የመዳን ምልክት የለውም፤ ከሞት ከብዙ ዓመት በኋላ በዶማ ወይም በኤክስካቫተር የተሰበረው ደግሞ የስብራቱ ገጽ ከቀረው አጥንት ይልቅ ነጣ ብሎ ይታያል። ጥይት የራስ ቅልን ሲበሳ ቀዳዳው በገባበት በኩል ወደ ውስጥ፣ በወጣበት በኩል ወደ ውጭ ስለሚሰፋ አቅጣጫው ይነበባል። ወንድሜ በልጅነቱ ከኮክ ዛፍ ወድቆ የግራ ክንዱ ተሰብሮ ነበር፤ ወጌሻ ቢያሸውም ጎበጥ ብሎ ነው የገጠመው። የጥርስ ሐኪም መዝገብ ለሌለው ለዚያ ትውልድ እንዲህ ያለው የቤተሰብ ትዝታ የሕክምና ማኅደሩ ነው፤ የሚያስታውሱት ሰዎች ሲያልፉም አብሮ ያልፋል።

ይህ ሙያ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። የደርግ ባለሥልጣናትን ለመክሰስ በአዋጅ ቁጥር 22/1984 የተቋቋመው የልዩ ዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት ሥራ ላይ በነበረበት ጊዜ፣ በገዛ አገራቸው የተሰወሩትን ሲፈልጉ ሙያውን የተማሩ የአርጀንቲና ፎረንሲክ አንትሮፖሎጂ ቡድን ባለሙያዎች ወደ ኢትዮጵያ መጥተው ነበር። በ1986 ዓ.ም. ኮተቤ ላይ ከአንድ የጅምላ መቃብር የ30 ሰዎችን አፅም ሲያወጡ፣ በብዙዎቹ አንገት ላይ የናይለን ገመድ እንደታሰረ አገኙ። አፈሩ በኤክስካቫተር ተዝቆ ቢሆን ኖሮ ገመዱ አንድ ቦታ፣ የአንገት አጥንቱ ሌላ ቦታ ይገኝ ነበር፤ እንዴት እንደሞቱም ማንም በእርግጠኝነት መናገር ባልቻለ ነበር። አፅም ሲገኝ ቁፋሮው ወዲያው ይቁም፣ ፖሊስና የምርመራ ሐኪም ሳይደርሱ ማንም አይንካው የምለው ለዚህ ነው። ባለሙያዎች አፈሩን በወንፊት የሚነፉትም አዋቂ ሰው ካለው 206 አጥንት ብዙው የእጅና የእግር ትንንሽ አጥንት ስለሆነ፣ ጥይቱም ከእነዚህ መካከል ስለሚገኝ ነው።

በዚያን ጊዜ ከአሮጌ አጥንት ዲ ኤን ኤ ማውጣት ገና ጅምር ላይ ነበር። ዛሬ ከጥርስ ወይም የውስጠኛውን ጆሮ ከሚያቅፈው ጠጣር የራስ ቅል ክፍል፣ ሙቀትና እርጥበት ብዙ ካልጎዳው፣ ከአሥርት ዓመታት በኋላም ማውጣት ይቻላል። የወጣው ግን የሚነጻጸርበት ከሌለ ምንም አይናገርም። እናትና አባት ቢገኙ ከሁሉም ይሻላል። እነሱ ካለፉ ለሕዋስ ኃይል በሚያመነጨው ክፍል፣ በሚቶኮንድሪያ ውስጥ ያለው ዲ ኤን ኤ ከእናት ብቻ ስለሚወረስ፣ የጠፋው ሰው እህትም ሆነች የእህት ልጅ ያንኑ ይዘው ይገኛሉ። በአባት በኩል ደግሞ የአጎት ወንድ ልጅ ይረዳል። ሆኖም አንድ ዓይነት የእናት መስመር የሚጋሩ የማይተዋወቁ ሰዎች ብዙ ስለሆኑ፣ ዝምድናው በራቀ ቁጥር መልሱ ይደክማል፤ ከአንድ ቤተሰብ ብዙ ሰው ናሙና ቢሰጥ ይህ ድካም ይካካሳል። የእናቴን ደም ማንም ሳይወስደው አፈር ገብቷል፤ እኔ፣ ታናሽ እህቴና በዋሽንግተን የምትኖረው ልጇ ግን አለን።

አርጀንቲናውያን ይህን ቀድመው አስበውበታል። በወታደራዊው መንግሥት ዘመን የተወሰዱባቸውን የልጅ ልጆቻቸውን የሚፈልጉ አያቶች ደማቸው ተቀምጦ ከእነሱ ሞት በኋላም መልስ እንዲሰጥ በመጠየቃቸው፣ በ1987 እ.ኤ.አ. ብሔራዊ የዘረመል መረጃ ባንክ በሕግ ተቋቋመ። እኛም ጋ ቢሆን መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ቢሾፍቱ አቅራቢያ በደረሰው የአውሮፕላን አደጋ ያለቁት 157 ሰዎች ማንነት ሲለይ ዘመዶች የሰጡት ናሙና አገልግሏል። የሕግ መሠረትም አልጠፋም፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 28 ሰውን በአስገዳጅ በመሰወር ላይ የሚቀርብ ክስ በይርጋ፣ ማለትም ጊዜው አልፏል ተብሎ፣ እንደማይታገድ ይደነግጋል። ክሱ በይርጋ ካልታገደ ማስረጃው ለምን በቸልታ ይጥፋ?

በመስቀል አደባባይ በሚገኘው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም የራስ ቅሎችና አጥንቶች በመስታወት ውስጥ ተቀምጠዋል። በሄድኩ ቁጥር የግራ ክንድ አጥንት እፈልጋለሁ። ከእነዚያ መካከል ስማቸው ያልተለየ ካሉ፣ ቤተሰቦች ተጠይቀውና ፈቅደው፣ በክብርም ተይዘው ናሙና ቢወሰድላቸው ሙዚየሙን የሚጎዳው አይመስለኝም። አንዳንድ አንባቢ የቆየ ቁስል መንካት ነው ይል ይሆናል። ፍታት ሳይደረግለት፣ ተዝካር ሳይወጣለት ለቀረ ሰው ቤተሰብ ግን ቁስሉ አሁንም ክፍት ነው።

እኔ 62 ዓመቴ ነው። ከጉንጬ ውስጥ በጥጥ የሚወሰደው ናሙና ደቂቃ የማይፈጅ ስለሆነ፣ የሚቀበለኝ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ካለ ነገ ጠዋት እሄዳለሁ። ክቡር አዘጋጅ፣ ጉዳዩ የሚመለከታቸውን አካላት ጠይቃችሁ አድራሻውን እንድታትሙልን፣ እንዲህ ያለ ክፍል ከሌለም ለምን እንደሌለ መልሳቸውን እንድታስነብቡን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረታ የወጣች የባዮሎጂ መምህርት፣ አዲስ አበባ