ከሰባት ቤት የተዘለለችው እህታችን

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

አባዬ ሰባት ቤት እያስቆጠረ ነው ያሳደገን። አንድ ስም ብንዘል ይቆጣ ነበር። ለካ እሱ ራሱ አንድ ሰው ዘሏል።

ውጭ አገር ያለችው እህቴ ምራቋን በፖስታ ልካ የዲኤንኤ ምርመራ አሠራች። ከውጤቱ ጋር በመጣው የዘመድ ዝርዝር ላይ ካለች አንዲት የማናውቃት ሴት ጋር ዲኤንኤያቸውን 25 በመቶ ገደማ ተጋሩ። የእናትም የአባትም ልጅ ብትሆን ወደ 50 ይጠጋ ነበር። 25 የአክስትም ሊሆን ይችላል፤ ሴትየዋ ግን የእኛው እኩያ ናት፤ የአባዬ ልጅ ናት። ቤት ቡና ላይ ወሬው ሲነሳ እማዬ ጀበናውን እንኳ ሳታስቀምጥ «አውቅ ነበር» አለች። አውቅ ነበር!

ስለ ምርመራው ስትጽፉ የዘር መቶኛውን፣ ከየትኛው ሕዝብ ስንት በመቶ እንዳለን የሚለውን፣ ብቻ አታውሩልን። ቤት የሚያናውጠው የዘመድ ዝርዝሩ ነው።

አዲሷ እህታችን ለፋሲካ ትመጣለች። አባዬ እስካሁን ዝም ብሏል። ትናንት ግን በግ ስንት እንደገባ ጠየቀ።

አንባቢያችሁ፣ ከለገጣፎ