በፎቶዎቻችን ውስጥ ለሌላችሁት የባሌ ሰዎች

ባለፈው እሑድ እኔና ባለቤቴ ቡና አፍልተን የዘንድሮውን የክረምት ፎቶዎች ስንቆጥር 640 ሆኑ። የወንጪ ሐይቅ በጉም እንደተሸፈነ አለ። ባለቤቴ ከእርሱ በእጥፍ ከሚረዝም ጅብራ ሥር ቆሟል። እኔ ደግሞ አንድ እግር ጫማዬ ጭቃ ውጦት በካልሲ ቆሜአለሁ (ይህን ፎቶ ለዘመድ ሁሉ ያዳረሰ ሰው ራሱን ያውቃል)። እናንተ ግን የላችሁም። የደረሳችሁልን ፎቶ ማንሳት ትዝ በማይለን ሰዓት ነበርና በዚህ ደብዳቤ ልናመሰግናችሁ ተነሣን።

ሁለታችንም መምህራን ስለሆንን ከክረምት ሌላ የጉዞ ጊዜ የለንም። «በዝናብ ምን ልታዩ ነው?» የሚሉን ብዙ ናቸው። ሐምሌን በአዲስ አበባ ዙሪያ ጨረስነው፤ አንዱን ቀን መናገሻ ሱባ ጫካ፣ አንዱን ደብረ ሊባኖስ፣ አንዱን ወንጪ። በነሐሴ አሮጌዋን መኪናችንን አስፈትሸን ወደ ባሌ ወረድን። ወረድን ማለቴ የአነጋገር ልማድ ሆኖብኝ እንጂ መንገዱስ የሚወጣ ነው።

የመጀመሪያው ምስጋና ዲንሾ ላይ ላገኘንዎት የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ስካውት (ጠባቂ) ነው። በጽዱና በኮሶው መካከል እየመሩ የደጋ አጋዘኖቹን በቅርብ አሳዩን። ይህ እንስሳ ከኢትዮጵያ በቀር የትም እንደማይገኝ ነገሩን። ፓርኩ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት መመዝገቡን ሲያወሩ የልጁን የማትሪክ ውጤት የሚያበስር አባት ይመስሉ ነበር። በዓለም የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች 500 እንኳ እንደማይሞሉ፣ ከግማሽ በላይ የሚሆኑትም እዚያው ባሌ እንደሚኖሩ የሰማነው ከእርስዎ ነው። ስንለያይ የባለቤቴን ስስ ጃኬት አዩና «ሳነቴን አታውቁትም» ብለው ካፖርትዎን አውልቀው ሰጡት። «ስትመለሱ ታደርሱልኛላችሁ» አሉ። ወደ ካፖርቱ እመለሳለሁ።

ሳነቴን በእርግጥም አናውቀውም ነበር። ሜዳው ከባሕር ወለል በላይ 4,000 ሜትር ገደማ ነው፤ እዚያው ያለው የቱሉ ዲምቱ ተራራ ደግሞ 4,377 ሜትር ይደርሳል። ጠዋት ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር። አንዲት ቀይ ቀበሮ የፍልፈል ጉድጓድ ላይ አድፍጣ አየናት፤ ፎቶው ላይ ግን ከብርቱካን ፍሬ ያነሰች ነጥብ ናት። እኩለ ቀን ላይ ጉም ወረደ፣ በረዶ ተከተለ። ባለቤቴ ከጠዋት ጀምሮ ራሱን እያመመው «ርሃብ ነው» ሲለኝ ነበር፤ ርሃብ ግን አያስታውክም። የአየሩ መሳሳት መሆኑን ሁለታችንም ማሰብ ነበረብን፤ በክፍል ውስጥ የምናስተምረው ነገር ነው እኮ! መሪው ላይ እጁ ሲዝል መኪናዋ ተንሸራትታ ቦይ ውስጥ ገባች። እኔ መንዳት አልችልም። ስልኩ ኔትወርክ የለውም። አንድ ሰዓት ከሩብ ያህል ከበረዶው ድምፅ በቀር የሰማሁት ነገር አልነበረም።

ወደ ደሎ መና እህል ጭነህ ትወርድ የነበርክ የአይሱዙ ሹፌር፣ ወንድሜ፣ መብራትህን ከጉሙ ውስጥ ሳየው አለቀስኩ። አንተና ረዳትህ በገመድ ስባችሁ አወጣችሁን። ባለቤቴን አየህና «ውሃ አጠጪው፣ ግን እዚህ አታቆዪው፤ ለዚህ ሕመም መድኃኒቱ መውረድ ነው» አልከኝ። ረዳትህ የእኛን መኪና እየነዳ እስከ ሪራ መንደር አደረሰን። መንጃ ፈቃዱን አላየሁም፣ አልጠየቅሁምም። በዚያ ጠመዝማዛ ቁልቁለት እንዴት ያለ እጅ እንዳለው ግን እመሰክራለሁ። ለነዳጅ እንኳ ሳንቲም አልተቀበላችሁም፤ «መሽቶብናል» ብላችሁ ሄዳችሁ። ስማችሁን ለመጠየቅ ያልበቃሁበት ድንጋጤዬ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ሪራ ያለሽው እናታችን፣ የአንቺን ነገር ከየት ልጀምር? እኔ ከኦሮምኛ የማውቀው ሦስት ቃል ነው፤ አንቺም በአማርኛ ብዙ አልተናገርሽም። እሳቱን ቆሰቆስሽ፣ ባለቤቴን በጋቢ ጠቀለልሽው፣ በጭስ የታጠነ ወተት አቀረብሽ። እኔ መተኛት ሲያቅተኝ አጠገቤ ቁጭ ብለሽ አመሸሽ፤ አልፎ አልፎም ግንባሩን እየዳሰስሽ በራስሽ ምልክት ታጽናኚኝ ነበር። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነቅቶ «ጭኮ አለ ወይ?» ሲል ቃሉን ሰማሽውና እስኪያስልሽ ድረስ ሳቅሽ። አንድ ሳህን ሙሉ ጨረሰ። ጠዋት የሐረና ጫካ ቡና ጠጥተን ገንዘብ ብንዘረጋ እጃችንን መልሰሽ ዘጋሽው፤ ይባስ ብለሽ ማር ጨመርሽልን። ገለቶማ፣ እናቴ። ከሦስቱ ቃላቴ አንዱ ይህ ነው።

በመጨረሻ ወደ ሶፍ ዑመር ዋሻ ሄደን ነበር። ወይብ ወንዝ ሞልቶ ስለነበር አስጎብኚው ወጣት ከመግቢያው አላሳለፈንም። ባለቤቴ ከ15 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመውን ዋሻ ጥቂት ካልገባሁ ብሎ ብዙ ተከራከረ፤ ልጁ ግን ፈገግ እያለ እምቢ አለ። ለእምቢታህም እናመሰግናለን፤ ይቅርታም እንጠይቃለን።

አሁን ወደ ካፖርቱ። ከሶፍ ዑመር መልስ ዲንሾ ስንደርስ መሽቶ ነበር፤ እርስዎም ወደ ተራራው ወጥተዋል ተባልን። ለማናውቀው ሰው ሰጥተን እንዳይጠፋ ፈርተን ይዘነው አዲስ አበባ መጣን። ሳጥበው በውስጠኛው ኪሱ ውስጥ በቀይ ክር የታሰረ ቁልፍ አገኘሁ። የሣጥን ይሁን የቤት አላውቅም፤ በእኛ ምክንያት ሰብረው ከፍተው ከሆነ ይቅር ይበሉን። መስከረም ሳይጋመስ ባለቤቴ ራሱ ያመጣዋል። ይህን የሚያነብ የዲንሾ ሰው ካለ፣ ቡናማ ካፖርቱን ላበደረው ስካውት ቁልፉ አለመጥፋቱን ይንገርልን።