የደንገጎን ዳገት ለምትወጡ የኮምቢ ባለቤቶች

ውድ አባላት፣ ከድሬ ወደ ሐረር ከመነሣታችሁ በፊት ቺንጊያውን እዩት። የድሮው የፎልክስዋገን ኮምቢ ራዲያተር የለውም፣ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው የማራገቢያው አየር ነው፤ ማራገቢያውንም ዲናሞውንም የሚያዞረው ያው አንድ ቺንጊያ ነው። ስለዚህ ዳገቱ ላይ የዲናሞው ቀይ መብራት ከበራ «ባትሪው ነው፣ ሐረር እናሠራዋለን» ብሎ መንዳት የለም። ቺንጊያው ተበጥሶ ሊሆን ስለሚችል ወዲያው ጥግ ይዛችሁ ሞተሩን አጥፉት።

ቺንጊያው በአውራ ጣት ሲጫኑት 1.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ይረግባል። ከዚያ ካለፈ የዲናሞውን ፑሊ በ21 ቁልፍ ፍቱና በሁለቱ ግማሾች መካከል ካሉት ቀጫጭን ሮንዴላዎች አንዱን አውጡ። አትጣሉት፤ ከውጭ በኩል ነቱ ሥር ይቀመጣል፣ ቺንጊያ ስትቀይሩ ትፈልጉታላችሁ።

ቫልቭ የሚስተካከለው ሞተሩ ፍጹም ሲበርድ ነው፤ በድሬ ሙቀት ሲነጋጋ ማለት ነው። ለ1600ው ሞተር ክፍተቱ 0.15 ሚሊ ሜትር ነው። ድምፁ ስለጠፋ ደስ አይበላችሁ፤ ክፍተቱ የጠበበ ቫልቭ አይንኳኳም፣ ግን በደንብ ስለማይዘጋ ይቃጠላል።

የሞተሩ ዘይት 2.5 ሊትር ብቻ ስለሆነ ትንሽ ጉድለትም ሞተሩን ያሞቀዋል። የተሰነጣጠቀ የቤንዚን ቱቦ ካለ ጉዞው ይቅር፤ ኮምቢ የሚነደው በዚያ ነው። ስትመለሱ ቁልቁለቱን በሁለተኛ ማርሽ ውረዱ፣ ፍሬን ላይ አትተኙ።