ለተማሪ ወላጆችና አሳዳጊዎች በሙሉ

ጉዳዩ፦ ልጆችን ወደ ዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ስለ ማስገባት

በቅድሚያ የአክብሮት ሰላምታችንን እናቀርባለን። የመንፈቀ ዓመቱ የውጤት ካርድ በመጪው ቅዳሜ ጠዋት ስለሚሰጥ ወላጅ ራሱ ቀርቦ እንዲረከብ እናሳስባለን።

ይህን ደብዳቤ ያስጻፈን ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በአካባቢያችን ያለው ዩኒቨርሲቲ የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ተማሪዎቻችን ቅዳሜ ቅዳሜ በቤተ መጻሕፍቱ እንዲያነቡ የፈቀደልን ከብዙ ደጅ ጥናት በኋላ ሲሆን፣ ደንቡም ግልጽ ነው፦ ልጅ የሚገባው አጠገቡ ከሚቀመጥ አዋቂ ጋር ብቻ ነው፤ ቦርሳ በር ላይ ይቀራል፤ ምግብ አይገባም። ይሁን እንጂ አንዳንድ ወላጆች በሥራ ቀናት ልጆቻቸውን ከትምህርት ቤት ተቀብለው እዚያ ካስቀመጡ በኋላ ወደ ጉዳያቸው ወይም ወደ ማታ ትምህርታቸው ይሄዳሉ። በቅርቡ ተጠርተን ስንሄድ፣ የትምህርት ቤታችንን ሹራብ የለበሰ የ2ኛ ክፍል ተማሪ ክንዱን ተንተርሶ ተኝቶ፣ ከፊቱ በተዘረጋው የሕክምና መጽሐፍ ላይ የአጽሙ ሥዕል በሰማያዊ እስክርቢቶ ተሞልቶ አገኘን። ልጁን አልተቆጣነውም፤ ሰዓቱ ሲረዝምበት ሌላ ምን ያድርግ?

«የእኔ ልጅ ጨዋ ነው፣ ማንንም አይረብሽም» የሚል ወላጅ እንደሚኖር እናውቃለን፤ ጨዋነቱንም አንጠራጠርም። ጭንቀታችን ጫጫታው ብቻ አይደለም። በዚያ በር በየቀኑ የማናውቃቸው ብዙ ሰዎች ይገባሉ፣ ይወጣሉ፤ ጥበቃው የሚፈትሸውም መጽሐፍ ተደብቆ እንዳይወጣ ነው እንጂ የልጁን እጅ ይዞ የሚወጣው ማን እንደሆነ አይደለም።

«የመንግሥት ተቋም ነው፣ በግብራችን የተሠራ ነው» የሚባለውም እውነት ነው። ነገር ግን ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ለመመረቅ የመውጫ ፈተና ማለፍ ስላለበት፣ ያ ወንበር የዓመታት ልፋቱ የሚወሰንበት ቦታ ነው። ነገ የእናንተም ልጆች እዚያው ይቀመጣሉ።

«ታዲያ ልጆቹን የት እናድርጋቸው?» ለሚለው፣ ከመገናኛ እስከ አያት ያለውን የምሽት የታክሲ ሰልፍ እኛም የምንሰለፈው ስለሆነ ችግሩን አናቃልልም። የትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት ያለ ተጨማሪ ክፍያ እስከ 11 ሰዓት ክፍት ነው፤ መምህርም አለ። መጻሕፍቱ ጥቂት ናቸው መባሉን ሰምተናል፤ ጥቂት መሆናቸው ግን ልጅን ብቻውን ለመተው ምክንያት አይሆንም። አራት ኪሎ የሚገኘው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት የልጆች ክፍል ቢኖረውም ከእኛ ሰፈር ሩቅ ነው፤ በደጃችን ያገኘነውን ፈቃድ አጥብቀን የምንጠብቀውም ስለዚህ ነው። ፈቃዱ ቢሰረዝ የሚጎዱት ለከተማ አቀፉ ፈተና የሚዘጋጁት የ8ኛ ክፍል ተማሪዎች ናቸው፤ እነርሱ ደግሞ አንድም ጥፋት አላጠፉም።

ስለሆነም ከዚህ ደብዳቤ ጋር የተያያዘውን ቅጽ ፈርማችሁ እስከ ዓርብ ድረስ በልጃችሁ የመገናኛ ደብተር እንድትልኩልን በትሕትና እንጠይቃለን። ቅጹን ያልመለሰ ተማሪ በቅዳሜው ንባብ አይካተትም። ልጁን ከ11 ሰዓት በፊት መውሰድ በፍጹም የማይችል ወላጅ ካለ፣ ልጁን እዚያ ከመተው ይልቅ ቢሯችን መጥቶ ያነጋግረን፤ ከወላጅ ኮሚቴው ጋር ሆነን መላ እንፈልጋለን።

ከሰላምታ ጋር

ርዕሰ መምህር